ቆቡ የዘገየበት ጥርስ

ልጅ ሳለሁ የጋምቤላ ሰፈራችን ልጆች ሲመሽ የምንሰበሰበው አባባ ኡጁሉ ደጃፍ ነበር። አባባ ኡጁሉ ዕድሜያቸውን ባሮ ላይ ጀልባ ሲቀዝፉ የኖሩ የአኙዋ ሽማግሌ ነበሩ፤ እኔ ደግሞ ከደጋ የመጣ አስተማሪ ልጅ። ትንኝ እንዳይበላን ፍሙ ላይ እርጥብ እንጨት ይጨምሩና፣ ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን ተረታቸውን ይጀምራሉ። የታችኛው የፊት ጥርሶቻቸው በወጉ መሠረት በልጅነታቸው ስለተነቀሉ ቃላቱ በክፍተቱ እያፏጩ ይወጡ ነበር፤ ያኔ ተረት ሁሉ የሚያፏጭ ይመስለኝ ነበር።

የምወደው የኤሊና የአዞ ተረት ነው። ኤሊ ጥርሷን ለሠርግ አዋሰችው፤ አዞ በልቶ ጠጥቶ ሳይመልስላት ወንዝ ገባ። እስከ ዛሬ አፉን ከፍቶ የሚተኛውም የተዋሰው ጥርስ አልገጥም ብሎት ነው።

ጋምቤላ ክልል በሆነች ሰሞን የታች መንጋጋ ጥርሴን ታመምኩ። እናቴ «የወተት ጥርስ ነው፣ ሲወልቅ ይተዋታል» ብላ ቅርንፉድ አስነከሰችኝ፤ አባቴም አመናት። መንጋጋ ከኋላ በኩል ምንም ሳይወልቅ ድምፁን አጥፍቶ እንደሚበቅል፣ ምትክም እንደሌለው ከቤታችን ማን ያውቃል? ጉንጬ አብጦ ዓይኔን ሲጋርደኝ ግን ከአዲስ አበባ ለጥቂት ጊዜ ወደ መጣ የጥርስ ሐኪም ወሰዱኝ።

«ይሄ እኮ ቋሚ ጥርስ ነው፣ እኅቴ። ሌላ አይበቅልላትም» አላት እናቴን። የበሰበሰውን ነርቭ አውጥቶ ቀዳዳውን ሞላልኝ። «ሕመሙ ይጠፋል። ግን ጥርሱ ተቦርቡሮ ሳስቷል፤ የብረት ቆብ ካልደፋንለት ይሰነጠቃል። በልኳ የሚሆን አሁን አልያዝኩም፤ ክረምቱ ሲወጣ ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያ ጠንካራ ነገር እንዳታስነክሷት።»

ሕመሙ እውነትም ጠፋ። ቆሎ ተከለከልኩ፤ በቆሎ ሲጠበስ ሽታውን ብቻ እየማግሁ መቀመጥ ዕጣዬ ሆነ። ዝናቡ ግን መንገዱን ቆረጠው። አባቴ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በሆስፒታሉ በኩል እየዞረ «መጣ?» ይላል፤ «ኧረ አልመጣም፣ ጋሼ» ይሉታል። ጥቁር ሰሌዳ ላይ የማይፈታው ሒሳብ ያልነበረው አባቴ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ይገባና አያየኝም ነበር።

አንድ ምሽት አባባ ኡጁሉ ጭስ የጠጣ ዓሣ አካፈሉን። ዓሣ ለስላሳ ነው ተብሎ ተፈቅዶልኛል። ተረቱን እየሰማሁ ሳኝክ አንዲት አጥንት ኖራ ኖሮ ቀጭ አለ። አላመመኝም፤ ነርቭ የለው ምኑ ያመኛል? በፋኖሱ ብርሃን መዳፌ ላይ የተፋሁት ግን የጥርሴ ግማሽ ነበር። አለቀስኩ።

«አታልቅሺ፣ ልጅ» አሉ አባባ ኡጁሉ ተደናግጠው። «የኔ የታች የፊት ጥርስ በሙሉ ነቀሉ። እኔ ዝም! ከዛ ሰው ሆንኩ።»

ሊያጽናኑኝ ፈልገው ነው። የእሳቸው ክፍተት ግን ክብር ነበር፣ የእኔ ጉድለት። በሰፈራችን ጥርስ የሚነቅል ሞልቷል፤ የሚያቆይ ግን አንድም አልነበረም። የቀረው ግማሽ ድዴን ይዞ ሲመግል የሆስፒታሉ ቁስል አሻጊ፣ ድሬሰሩ፣ «ምን ላድርግሽ፣ እናቴ?» እያለ ነቀለው።

መንገዱ ሲደርቅ ሐኪሙ ቃሉን አክብሮ መጣ። የሚያብረቀርቁ ቆቦች በትንሽ ቆርቆሮ ይዞ ነበር፤ አንዱን መርጦ «በይ ክፈቺ» አለኝ። ከፈትኩ። በባትሪው ብዙ አየና ብርሃኑን አጠፋው።

«ሌላ... ሌላ ይወጣላት ይሆን፣ ዶክተር?» አለች እናቴ።

ሐኪሙ ቆርቆሮውን ከደነው። ቆቡን ግን መዳፌ ላይ አኖረልኝ፤ ትንሿ ጣቴ ላይ ባጠልቀው ልክክ አለ።

ዛሬም የማኝከው በግራ በኩል ነው። በማንም አልፈርድም፤ እናቴም፣ ድሬሰሩም፣ ሽማግሌውም የሚያውቁትን አድርገዋል፣ ያ ሐኪምም ዝናብ ማስቆም አይችልም። ከተረቶቹ አብዛኛው ጠፍቶብኛል። ያልጠፋኝ፣ እናቴ መልሱን እያወቀችው የጠየቀችበት ድምፅ ነው።