የኔታ ቶክናቸው የተቆለፈባቸው ዕለት

ባለፈው ሳምንት አንዲት አዲስ ሠራተኛ ቶክኗ ተቆልፎባት ደወለችልኝ። ቶክን የምንለው ከቁልፍ ጋር የሚንጠለጠል፣ በየደቂቃው አዲስ ስድስት ቁጥር የሚያሳይ ትንሽ ዕቃ ነው፤ ያን ቁጥር ያላስገባ የመሥሪያ ቤቱን ኮምፒዩተር አይከፍትም። «የምስጢር ጥያቄሽን መልሺልኝ» ስላት «አጠገቤ ሰው አለ» ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ይህ አባባሏ ከሞላሌ ባሻገር ወደነበረች አንዲት የመሬት መዝገብ ቢሮ መለሰኝ።

ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ኮምፒዩተር የተማርሁት የተበላሹትን እየፈታሁ ነው፤ ቢሮውም በጊዜያዊነት ቀጥሮኝ ነበር። መዝገቡን መክፈት የሚችሉት የኔታ ሽፈራው ብቻ ነበሩ፤ የድቁና ተማሪዎችን ሲያስተምሩ ኖረው መዝገብ ቤት የገቡ ሰው። ብራና ሲገለብጡ እንደለመዱት፣ ቁጥሩን መጀመሪያ ወረቀት ላይ ይጽፉና ሁለት ጊዜ ያነቡታል። አብዛኛውን ጊዜ ይደርሱበት ነበር። የዚያን ዕለት ግን የሐምሌ ብርድ ጣታቸውን አደነዘዘው፤ አንብበው እስኪጨርሱ ቁጥሩ ይለወጣል። ሦስት ጊዜ ሞከሩ፤ ተቆለፈ።

ወረፋው ፊት ወይዘሮ በለጠች የሚባሉ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ነበሩ። በጭቃ የግማሽ ቀን መንገድ ተጉዘው ነው የመጡት።

«የባሌ ወንድም መሬቱን የኔ ነው ብሎ ከሶኛል» አሉኝ። «ነገ ጠዋት ማስረጃውን ካላቀረብሁ መነቀሌ ነው፣ ልጄ።»

ደብረ ብርሃን ወዳለው ድጋፍ ክፍል ደወልሁ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ «የምስጢር ጥያቄዎ ‹ሌላ ሰው የማያውቀው ስም› ይላል፤ መልሱን ይንገሩኝ፣ አባቴ» አለች።

የኔታ ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ምን ብለው ሞልተውት ነበር?» አልኋቸው።

«ሰው የማያውቀው አሉ፤ የክርስትና ስሜን ጻፍሁዋ!»

በእኛ አገር የክርስትና ስም የቤተ ክርስቲያን ነው። ክፉ ሰው እጅ ከገባ ይጎዳል ተብሎ ይፈራል፤ የባሏን የማታውቅ ሚስት ሞልታለች። ስልኬ ደግሞ በድምፅ ማጉያ ካልሆነ አይሰማም፣ ኔትወርኩም ከመስኮቱ ሥር ካልሆነ አይዝም።

ወይዘሮ በለጠች ተነሡ። «በሉ ውጡ!» ብለው ወረፋውን በሙሉ ወደ ካፊያው ነዱት።

«እኔ እንደሆነ ጆሮዬ አይሰማ!» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«ታዲያ ውጭም አይሰሙ፣ እዚህም አይሰሙ፤ ይነሡ!»

እኔ ግን መውጣት አልቻልሁም፤ ልጅቷ የምትነግረኝን ኮምፒዩተሩ ላይ መጻፍ ነበረብኝ። የኔታ በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩኝ።

«እንግዲያው መጀመሪያ ያንተን ንገረኝ» አሉ።

ከእናቴና ከንስሐ አባቴ በቀር የሚያውቀው አልነበረም። ጆሯቸው ጋ ተጠግቼ ነገርኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው የራሳቸውን ተናገሩ። ልጅቷ አላስደገመቻቸውም፤ «ትክክል ነው» ብቻ አለች። አዲሱን ቁጥር እኔ አነበብሁ፣ እሳቸው መቱ፤ መዝገቡ ተከፈተ።

ወይዘሮ በለጠች ማስረጃውን በላስቲክ ጠቅልለው ጉያቸው ከተቱና አንድ እፍኝ የገብስ ቆሎ እጄ ላይ አፍስሰውልኝ ሄዱ። መሬቱ እንደጸናላቸው በሳምንቱ ሰማን።

ዛሬ ደብረ ብርሃን ተቀምጬ የምጠይቀው እኔ ነኝ። ብዙ ሰው ምስጢሩን ነግሮኛል፤ ስልኩን ስዘጋ ሁሉንም እረሳዋለሁ። የኔታን አምና ሞላሌ ገበያ አገኘኋቸው፤ በሰው ፊት በመዝገብ ስሜ ጠሩኝ፣ ሲሰናበቱኝ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «በጸሎት የማነሳህ በዚያኛው ነው» አሉኝ። እኔ ጸሎተኛ አይደለሁም። ሆኖም ከዚያ ወዲህ፣ ጠዋት ከቤት ስወጣ፣ የእሳቸውን ስም አንድ ጊዜ በልቤ እላለሁ።