ጊታሬን ያወጡበት ዘፈን

አራት ነበርን። እኔ፣ የሚዘፍነው የአክስቴ ልጅ፣ ድራምና ቤዝ የሚጫወቱ ሁለት የሰፈር ልጆች። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እኛ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ካንትሪ ሮክ፣ ያን የአሜሪካ ገጠር ሙዚቃ፣ እንጫወታለን። «ሐበሻና ካንትሪ ምን አገናኘው?» የሚለኝ ሰው ያናድደኛል፤ የአባዬ ታክሲ ውስጥ ገብቶ አያውቅም ማለት ነው። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ ከካንትሪ ሬዲዮ ሌላ አይከፍትም። የኔ ደግሞ ጭን ላይ አጋድመው፣ ክሩ ላይ ብረት እያንሸራተቱ የሚያስለቅሱት ጊታር ነው።

በተመረቅኩ በወሩ የአክስቴ ልጅ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ወሰደን፤ ስቱዲዮ ያላቸው የአባዬ ጓደኛ ዘፈናችንን ሊሰሩልን። ዘፈኑን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ስለ አባዬ መንገድ። ቀረጽን። በሳምንቱ ስንመለስ ሌላ ዘፈን ጠበቀን። ድራሙ ኮምፒውተር ሆኗል። የአክስቴ ልጅ ድምፅ እንደታጠበ ብርጭቆ ያብረቀርቃል። ጊታሬ የለም። ጭራሽ የለም።

«እ? እንዴት ነው ልጆች?» አሉ፣ ሻይ እየቀዱልን።

«ቆንጆ ነው ጋሼ» አለ ድራመሩ።

«በጣም ቆንጆ ነው» አለ ቤዝ የሚጫወተው።

ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ የኔ ልጅ?»

«ቆንጆ ነው ጋሼ። እግዜር ይስጥልኝ።»

እግዜር ይስጥልኝ! ጊታሬን ስላወጡልኝ!

ፓርኪንግ ስንደርስ የሁላችንም ምላስ ተፈታ።

«ይሄ የሻምፑ ማስታወቂያ ነው እንዴ?» አለ ድራመሩ።

«ታዲያ ለምን አልነገርካቸውም?»

«አንቺስ?»

«የአባቴ ጓደኛ ናቸዋ!»

«ለእኔም ጋሼ ናቸው እኮ!»

የቤልትዌይን ቀለበት መንገድ ሙሉ እየተጨቃጨቅን ተመለስን። ደውሎ የነገራቸው ግን የለም። የአክስቴ ልጅ ብቻ ፈገግ ብሎ ይነዳል፤ እሱ የእውነት ወዶታል።

ዘፈኑ ወጣ። ሰው ወደደው፣ ይሄ ደግሞ ይበልጥ አቃጠለኝ። በመጨረሻ ደወልኩላቸው።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ጊታሬን ለምን አወጡት?»

ደነገጡ። «ውይ የኔ ልጅ! ጠይቄሽ አልነበር? ቆንጆ ነው አልሽኝ። አንድ ቃል ብትዪኝ እመልሰው ነበር እኮ።»

ክፉ ሰው ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር። ቢያንስ እሳቸው ላይ እናደድ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ የአክስቴ ልጅ ደወለልኝ። ቀጣዩም ዘፈን እንደዚያው ነው የሚሰራው። «አንቺ ኪቦርድ ትነኪያለሽ፣ ሁለት ጣት ይበቃል። ያ የሚያለቃቅስ ጊታር ይቅርብሽ። ሰው የወደደውን እንስጠው። እሺ?»

«እሺ» ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ስንት ዓመት ሲመላለስበት የኖረ ቃል፣ መንገዱን ያውቀዋል።

«አይሆንም» አልኩት።

«ምን?»

«አይሆንም። ጊታሬ ከሌለ እኔም የለሁም።»

«አሁን ነው የምትናገሪው? ያኔ ምን ዘጋሽ?»

እውነቱን ነው፤ ለዚህ ነው ስልኩን የዘጋሁበት። ጊታሬን ጭኔ ላይ አጋድሜ ዘፈኔን ከመጀመሪያው ጀመርኩት። ከንዴቴ ብዛት ሦስት ቦታ ሳትኩ። አላቆምኩም።