እስከ ሰኞ የተሰጠኝ ጊዜ

ወንድሜ ታደሰ ሕመሙ መጀመሪያ የተሰማው ከቀኝ ጎድኑ ሥር ነው። ያመኛል እንኳ አላለም፤ "ይከብደኛል" ነው ያለው። ከዚያ ቅባት ያለው ምግብ ጠላ። ሁለታችንም ጨጓራ ነው አልን። እኛ ዘንድ ከደረት በታች የሚያመው ሁሉ ጨጓራ ነው። በርበሬ ተወ፣ ተልባ ጠጣ፣ ከፋርማሲ የጨጓራ ኪኒን ገዛሁለት። እንዲህ እያልን አራት ወር አለፈ። አንድ ጠዋት በስደት በምንኖርበት በክላርክስተን ካለው አፓርታማችን ስንወጣ ፀሐይ ላይ ዓይኑን አየሁት። ነጩ ቢጫ ሆኗል።

ኢመርጀንሲ ወሰድኩት። ደም ቀዱ፣ ሲቲ ስካን አደረጉለት። ሄፓታይተስ ቢ ነው አሉ፤ የጉበት ቫይረስ። ምናልባት ከልጅነቱ ጀምሮ አብሮት ኖሯል። ጉበቱን ጠባሳ በጠባሳ አድርጎታል፤ ሲሮሲስ ይሉታል። በዚያ ላይ ካንሰር ወጥቶበታል። የቀረው ተስፋ ትራንስፕላንት ነበር፣ የሌላ ሰው ጉበት መተካት። ለዚያ ይበቃ እንደሆነ ለማወቅ አስተኝተው ይመረምሩት ጀመር።

ታደሰ ያን ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለመነኝ።

"ብሩኬ፣ ካልሆነ እንዳትደብቀኝ። ለእማዬ እኔ ራሴ ነኝ የምነግራት።"

እናታችን ሐዋሳ ናት። መታመሙን አታውቅም ነበር። ደም ግፊት ስላለባት አባታችን እንዳንነግራት ከልክሎናል። እሺ አልኩት።

ቅዳሜ ዶክተሩ ኮሪደር ላይ አስቆመኝ። ታደሰ ውጤቱ ለእኔ እንዲነገር ፈርሞ ነበር። ካንሰሩ ወደ ትልቁ የጉበት ደም ሥር ገብቷል። ትራንስፕላንት አይቻልም። ሌላም ሕክምና የለም። ዶክተሩ አሁን ገብቼ ልነግረው ነው አለ። እኔ ልንገረው አልኩት። በእኛ ባህል እንዲህ ያለ ነገር ከቤተሰብ ሲሰማ ይሻላል አልኩት። ትንሽ አሰበ።

"እሺ። እስከ ሰኞ ጠዋት ካልነገርከው እኔ እነግረዋለሁ። ግን አትዘግይ። ጉበቱ ማጣራት ያቃተው መርዝ አእምሮውን ሊያደናግረው ይችላል።"

አባቴ ጋ ደወልኩ። "ሰው የሚሞተው ተስፋ ሲቆርጥ ነው" አለኝ። "እንዳትነግረው። ለእናትህም ትንፍሽ እንዳትል።"

እሑድ ሆነ። ታደሰ እሑድ እሑድ በስልኩ የእንግሊዝ ሬዲዮ ይሰማል። ኤርፖርት ፓርኪንግ ሲሠራ የለመደው ነው፤ እንግሊዝኛውንም ያሻሻለው በእሱ ነው። ዘፈን የለውም፣ ቀኑን ሙሉ ንግግር ነው። እነሱ በአምስት ሰዓት ስለሚቀድሙን የእኛ ጠዋት ለእነሱ ከሰዓት በኋላ ነው። ስልኩን ትራሱ አጠገብ አደረግኩለት።

መጀመሪያ ስለ ጓሮ አትክልት ሰዎች የሚጠይቁበት ነበር። አንዲት ሴትዮ የሎሚ ዛፏ ቅጠል ለምን ቢጫ እንደሆነ ጠየቀች።

"ጨጓራ ነው፣ ተልባ አጠጪው በላት" አለ ታደሰ።

ሳቅን። ይኼ ሲያልቅ እነግረዋለሁ አልኩ በልቤ።

ድራማ መጣ። ድራማ መሃል እንዴት ይነገራል? ከዚያ ግጥም የሚያነቡ ሰዎች መጡ። ከዚያ ዜና። ከዚያ ስለ ገበሬዎች የሚቀጥል ታሪክ፤ ታደሰ ሰዎቹን በስም ያውቃቸዋል፣ ላማቸው ስትታመም ይጨነቃል። አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይጀምራል። ሁሉንም ምክንያት አደረግኩት።

ቀጥሎ በቅርቡ ስለሞቱ ሰዎች የሚያወራው ጀመረ። እጄን ወደ ስልኩ ሰደድኩ።

"ተወው" አለኝ። "እነዚህ ጉዱንም ያወራሉ። እኛ ጋ የሞተ ሁሉ ደግ ነው።"

ከዚያ አየኝ።

"ዶክተሩ ምን አለ?"

"ሰኞ እመጣለሁ አለ።"

"ለአንተ ምንም አላለህም?"

"ምንም።"

"ማርያምን?"

"ማርያምን።"

በሐሰት ማልኩ። አመነኝ። ፊቱ ፈታ አለ። "እንግዲያው እማዬን ገና አላስጨንቃትም" አለ።

ሲመሽ ለመርከበኞች የባሕሩን የአየር ሁኔታ ያነቡ ጀመር። "ታክሲው ሞልቷል፣ ውረድ" አለኝ ታደሰ። ቀልድ መሰለኝ። እጁ ይንቀጠቀጣል። ስሙን ጠየቅኩት። አያውቀውም። ስሜንም አያውቀውም። ነርሷን ጠራሁ።

ሰኞ ዶክተሩ መጣ። የሚነገረው ሰው አልነበረም። መድኃኒት ሰጡት። አልነቃም። ሐሙስ ሞተ።

እናቴ መታመሙንም መሞቱንም በአንድ መርዶ ሰማች።

ዶክተሩ አንተም ተመርመር ብሎኝ ነበር፤ እኔ ግን ሦስት ወር ያህል ከሥራ ወደ አልጋ፣ ከአልጋ ወደ ሥራ ብቻ ስመላለስ አልሄድኩም፤ ብሞትም ግድ አልነበረኝም። ያቺ ነርስ ሦስት ጊዜ ደወለችልኝ፣ በሦስተኛው ቀጠሮውን ራሷ ይዛ "ዝም ብለህ ና" ስላለችኝ ሄድኩ። እኔም ቫይረሱ አለብኝ። ጉበቴ ግን ገና አልተጎዳም፤ በቀን አንድ ኪኒን እውጣለሁ፣ በየስድስት ወሩ አልትራሳውንድ እነሳለሁ። አሁን ሌሊት እንቅልፍ ይወስደኝ ጀምሯል፤ ከሥራ መልስም አቮንዴል ያለውን ኩሬ እየዞርኩ በእግሬ መሄድ ጀምሬያለሁ።

ነርሷን አመሰግናለሁ። ዶክተሩንም፤ ጥፋቱ የእሱ አልነበረም። አስከሬኑን አገር ለመላክ የሮጣችሁትንም እግዚአብሔር ይስጣችሁ።

ይህን የምታነቡ፣ ጨጓራ ነው እያላችሁ አትቆዩ፤ ለሄፓታይተስ ቢ የደም ምርመራ ይበቃል። አብሮ በመብላት አይተላለፍም፣ አትፍሩ፣ አትሸማቀቁበት። ላልያዘው ሰው ክትባት አለው። ሕመምተኛችሁ ሲጠይቃችሁ ደግሞ ንገሩት። አባቴ ክፉ ሰው አይደለም። እኔም የዋሸሁት ስለምወደው ነው። ታደሰ የለመነኝ ግን ተስፋ እንድሰጠው አልነበረም።

የእኔ ውጤት የመጣ ዕለት ለአባቴ ደወልኩ። "ለእናትህ ግን..." ብሎ ጀመረ።

"ስልኩን ስጣት" አልኩት።

ጠራት። ከዚያ ድምጿ መጣ። ሁሉንም ነገርኳት፣ የእኔንም፣ ያን እሑድ ለታደሰ ያደረግኩትንም። አለቀሰች። ስልኩን ሳልዘጋ ቆየሁ።

"ኪኒኑን" አለች በመጨረሻ፣ "የምትውጠው ከምግብ በፊት ነው ወይስ በኋላ?"