የአቶ ሽቦ ኮድ አደባባይ የወጣበት ምክንያት

የሰፈሩ ወሬ እንዲህ ነው፦ አቶ ሽቦ ለዓመታት የደበቁትን የማሽናቸውን ምስጢር በኢንተርኔት ለዓለም በነጻ የበተኑት በህልም ታዘው ነው። ነጭ ጢም ያላቸው ሽማግሌ መጥተው «ያለህን በትን» አሏቸው፤ እሳቸውም እያለቀሱ ተነሥተው በተኑ። ፀጉር አስተካካዩማ ሽማግሌው በእጃቸው ገመድ ይዘው እንደነበር ሳይቀር ያውቃል።

ለማመን ያስቸግራል። አቶ ሽቦ ካቻቢቴ ሲያበድሩ እንኳ ክር አምጥተው አንዱን ጫፍ በካቻቢቴው፣ ሌላውን በቀበቷቸው አስረው ተበዳሪው ቤት ድረስ አብረው የሚሄዱ ሰው ናቸው።

ድሮ፣ ምድር ቤት ባለችው ክፍላቸው፣ ከሚስታቸው ወንድም ጋር ሞጁላር ሲንተሳይዘር ይሠሩ ነበር፤ ይኸውም በገመድ እየተሰካኩ ድምፅ የሚያወጡ የትንንሽ ሳጥኖች ጥርቅም ነው። ከቁልፉና ከገመዱ ብዛት ያየው ሁሉ የስልክ ጣቢያ ይመስለዋል። የሚያስፈልገው ቺፕ ከገበያ ሲጠፋ ሥራውን ተዉት፤ አሁን የሚጠግኑት የውሃ ማፍያና ሪሞት ነው።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ አንዲት ሙዚቀኛ ድሮ ከእሳቸው የገዛችውን ሳጥን እንደ ታመመ ሕፃን በፎጣ ጠቅልላ መጣች።

«ጋሼ፣ ውስጡ ያለው ፕሮግራም ጠፍቷል መሰለኝ። ቅዳሜ መድረክ አለብኝ። እንደገና ይጫኑልኝ፤ ኮዱንም ኢንተርኔት ላይ ይልቀቁት፣ ሳጥኑ ያለን ሁሉ ራሳችን እንድንጠግነው።»

«መጫኑስ እሺ» አሉ አቶ ሽቦ። «መልቀቁ ግን... መጀመሪያ አቧራውን ልጥረግለት።»

አቧራው ሌላ ነበር። ኮድ ሲጻፍ ማሽኑ የማያነበው፣ ለሰው ብቻ የሚተው ማስታወሻ በየመስመሩ መሐል ይገባል። ሌላው ሰው «ድምፁ እዚህ ጋ ይጀምራል» ብሎ ያልፋል። አቶ ሽቦ ግን ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በአፋቸው ያልደፈሩትን ሁሉ እዚያ ሲተነፍሱ ኖረዋል። «ሚስቴ ሹራብ ሠራችልኝ። አንዱ እጅጌ ለዝሆን ኩምቢ ይበቃል» የሚል አለ። ከሁሉ የከፋው ግን ይህ ነው፦ «ይህ መስመር ልክ እንደ ሚስቴ ወንድም ምንም አይሠራም።»

ሚስታቸው በወንድሟ ቀልድ አታውቅም። አንዴ «ሲራመድ ቀስ ይላል» በማለታቸው ብቻ አንድ ወር ሙሉ በማቀዝቀዣው በኩል ነበር የምታናግራቸው፦ «አንተ ማቀዝቀዣ፣ ለዚህ ሰውዬ ምሳ ቀርቧል በለው።» ይህንን ካነበበችማ ዕድሜ ልካቸውን በማቀዝቀዣ አስተርጓሚነት ሊኖሩ ነው።

ስለዚህ ሁለት ቀን ተቀምጠው ገመናቸውን ለቀሙ። ወንድምየው የተሰደበባት ቦታ ላይ ሲደርሱ የሚስታቸው ኮቴ ደረጃው ላይ ተሰማ፤ ደንግጠው ስድቡን ከነመስመሩ ጠራርገው አጠፉ። ደግሞስ ምንም የማትሠራ መስመር ማን ይናፍቃታል?

ኀሙስ ከሰዓት ሙዚቀኛዋ መጣች። ተጫነ፣ ተከፈተ። የወጣው ድምፅ ያለ ማደንዘዣ ጥርሱ የሚነቀል ግመል ነበር። መንገድ ላይ ሁለት መኪኖች ቆሙ።

«ጋሼ፣ ይህን ይዤ ከወጣሁ ከመድረኩ የምወርደው በአምቡላንስ ነው» አለች ሙዚቀኛዋ።

ሦስቴ ደጋግመው ጫኑ፤ ግመሉ ባሰበት። ጩኸቱ ከእንቅልፉ የቀሰቀሰው የሚስታቸው ወንድም በነጠላ ጫማ እየተጎተተ ብቅ አለ።

«ጋሼ፣ ያቺን ባዶ ቆጠራ ነካሃት እንዴ?»

«የቷን?»

«እኔ ያስገባኋትን ነዋ። ማሽኑ ይቸኩላል፤ ሌላው ክፍሉ እስኪደርስበት ቆሞ እስከ ሁለት መቶ ይቁጠር ብዬ። በል አሮጌውን ቅጂ ክፈተው።»

መክፈት ግድ ሆነ። ሚስታቸው የታጠበ ልብስ እንዳቀፈች ከኋላቸው ቆማ ጮክ ብላ አነበበች፦ «ይህ መስመር ልክ እንደ ሚስቴ ወንድም ምንም አይሠራም። ባወጣው ግን ሁሉም ነገር ይበላሻል። ማንም እንዳይነካብኝ።» ለካ አቶ ሽቦ በድንጋጤ ያነበቡት የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ብቻ ኖሯል።



«እስቲ ድገሚልኝ፣ እትዬ» አለ ወንድምየው። ደገመችለት። ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ጋሼ፣ እንዲህ ታስብልኛለህ?»

«እ... አስባለሁ እንጂ» አሉ አቶ ሽቦ፣ ላባቸውን እየጠረጉ።

መስመሯ ተመለሰች፤ ሳጥኑም እንደ ድሮው አዜመ። ሚስትየው ግን ልብሱን አስቀምጣ፣ ወንበር ስባ ማንበቧን ቀጥላለች። ሹራቡ ጋ ደርሳለች።

«ዝሆን?»

«ያኔ እኮ...»

«ዝም በል። እንዳለ ነው የሚለቀቀው። ስለ ወንድሜ የጻፍከውን ዓለም ይይልኝ፤ በሹራቡም ዓለም ይፍረደን።» የትኛውን ቁልፍ መንካት እንዳለባት ወንድሟን ጠይቃ ኮዱን በገዛ ጣቷ ለቀቀችው።

በሳምንቱ ከማያውቁት አገር አንድ ሰው ምስጋናውን ጽፎ ሲያበቃ የሹራቡ ፎቶ እንዲላክለት ለመነ።

ፀጉር አስተካካዩ አቶ ሽቦን ወንበሩ ላይ አረፋ ቀብቶ ካመቻቻቸው በኋላ «ጋሼ፣ የህልሙን ነገር እስቲ ከራስዎ አፍ ልስማው» አላቸው።

«ህልም አላየሁም» አሉ አቶ ሽቦ። «ሽማግሌ አልመጣም፣ አላለቀስኩም፣ ለዓለምም የሰጠሁት ነገር የለም። የለቀቀችው ሚስቴ ናት፤ እኔማ አጥፊው ብዬ እየለመንኳት ነበር።»