ቀይ የሚያደርገው ፀሐይ ነው

ሊይዙኝ የመጡ ዕለት እጄ እስከ ክርኔ ውሃ ውስጥ ነበር። ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር በተከራየኋት ክፍል ትልቅ የመስታወት ገንዳ ነበረኝ። ዓሣም ነበረበት፤ እኔ የምወደው ግን ተክሉን ነው፤ ውሃ ውስጥ ቀጥ ብሎ የሚያድግ፣ ፀሐይ ሲጠግብ ጫፉ እንደ በርበሬ የሚቀላ። ጫፉን ቆርጬ መልሼ ልተክል ስል ፖሊሶቹ ገቡ። የባቡር ጋራዥ ሠራተኞች ማኅበር እናቁም ብለን መሰብሰባችን ነበር ወንጀሉ። "እጅህን አውጣ" አለኝ አንዱ። አወጣሁ፤ የቆረጥኩትን ግን አልጣልኩትም። በእርጥብ መሐረብ ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩት።

የታሰርኩባት ክፍል ጠባብ ናት፤ ደግነቱ መስኮቷ ወደ ፀሐይ መውጫ ነው። ቀድሞኝ የገባ አንድ ሶማሌ የካሚዮን ሾፌር መሐረቡን ስፈታ አየና፣ "አቦ፣ ሰው ስንቅ ይዞ ይገባል፣ አንተ ሣር ይዘህ መጣህ?" አለኝ። እየሳቀም ባዶ የማርማላታ ጠርሙስ አቀበለኝ። ከግቢው አሸዋ ዘግነን፣ ውሃ ሞልተን ተከልነው። ብዙም ሳይቆይ ሥር ሰደደ፤ ቀላም። ሾፌሩ ጠዋት ጠዋት ከእኔ በፊት እሱን ሰላም ይል ጀመር።

አንድ ቀን የእስር ቤቱ አዛዥ ለፍተሻ ገቡና ጠርሙሱ ላይ ዓይናቸው ቀረ። አለቀልን ስል፣ "ለእኔም ስጠኝ" አሉ። ጫፉን ቆርጬ ሰጠኋቸው። ሾፌሩ "ገደልከው" ብሎ አኮረፈኝ። ይህ ተክል ግን ሲቆርጡት ይበረታል፤ ከተቆረጠበት ላይ ሁለት ሆኖ በቀለ። ኩርፊያውም በዚያው ቀረ።

ከዚያ ደግሞ እስረኞች ወደ ውጭ ይጣራሉ ተባለና መስኮታችን ላይ ቆርቆሮ ተመታ። በድሬ ሙቀት ላይ ጨለማ ተጨመረ። ቅላቱ ጠፋ፣ የታችኛው ቅጠል ረገፈ። ያ ተጫዋች ሾፌርም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መዋል ያዘ። ተክሉ ቢሞት ሌላ እተክላለሁ፤ የእሱ ዝምታ ግን አስፈራኝ።

ያን ሰሞን አዛዡ አስጠሩኝ። የቢሯቸውን መስኮት ትልቅ ዛፍ ጋርዶታል። የሰጠኋቸው ተክል በመጠጥ ብርጭቆ ውስጥ ገርጥቶ ቆሟል።

"ቀይ አልነበረም እንዴ?" አሉኝ።

"ነበር ጌታዬ። ቀይ የሚያደርገው ፀሐይ ነው።"

"ታዲያ አድርግልኛ።"

"የመስኮታችን ቆርቆሮ ይነሣልን፤ አቅልቼ አስረክብዎታለሁ።"

ደጅ ቢያወጡት ይበቃው ነበር፤ እሱን ግን አልነገርኳቸውም። አዩኝ፣ አዩኝና ሳቁ።

በማግሥቱ ቆርቆሮው ተነቀለ። ሾፌሩ ፊቱን ለፀሐይ ሰጥቶ ብዙ ቆየ። ከዚያ ወደ ጠርሙሱ ዞሮ፣ "ወላሂ፣ ከጠበቃ ትሻላለህ" አለው። ሁለታችንም እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። ተክሉ ሲቀላም ቃሌን ጠበቅኩ፤ ከሁሉ ያማረውን ቆርጬ ለአዛዡ ላክሁላቸው።

አሁን አርጅቻለሁ። ገንዳዬም መስኮት ሥር ነው። ባለቤቴ፣ "ፀሐዩ ሶፋዬን አነጣብኝ፣ መጋረጃ እንስቀል" ትለኛለች። በሌላው ሁሉ እሸነፍላታለሁ። በመስኮት ጉዳይ ግን እስከ ዛሬ አልተስማማንም።