ለታመመ አባት ስድስት መኪና ሸኚ

ባለፈው ሳምንት ብሩክሊን ፓርክ ዕቃ የምጭንበት ዌርሃውስ ውስጥ፣ ብሬክ ላይ አረፍ ብዬ ሳምቡሳዬን እየገመጥኩ፣ ናቲ የሚባል አዲስ ገቢ ልጅ ስልኩን አፍንጫዬ ላይ ደቀነው።

«ብሮ፣ ከዚህ አዲስ አበባ በረራው ስንት ሰዓት ነው? አምታታኝ።»

«ማን ሊሄድ ነው?»

«እናቴ። እናቷን ትንሽ አሟቸው።»

ትንሽ አሟቸው! ይቺን ውሸት ከነእናት አባቷ አውቃታለሁ።

አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ኮሌጅ ጀምሬ ትቼ ከሰው ሁሉ የምጣላበት ጊዜ። ጥቅምት ላይ ነን፤ ቅጠሉ ቀልቷል፣ ጠዋት ጠዋት የመኪና መስታወት መፋቅ ጀምረናል። እማዬ ሮቢንስዴል ሆስፒታል ሥራ ላይ እያለች ወንድሟ ጋሽ ተፈራ ከአዲስ አበባ ደወሉልኝ።

«አያትህ አርፈዋል። እናትህን ታመዋል ብለህ ላካት፤ እዚህ እናረዳታለን።»

«ለምን እዋሻታለሁ? አባቷ እኮ ናቸው!»

«አንተ ልጅ፣ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ደግፎ ይዟት ነው የምትሰማው።»

«እሺ፣ ቀብሩን አቆዩላት!»

«ነገ ነው» ብለው ዘጉት።

ርቀቱን ስልኬ ላይ ፈለግኩ። አስራ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ። ቀጥታ በረራ የለም፤ ቺካጎ ወርዶ መቀየር አለ፤ ከነጥበቃው አንድ ቀን ይበላል። ያገኘሁት ትኬት ደግሞ የነገ ከሰዓት ነው። አውሮፕላን የሚሉት ነገር ምን ቢበር ለቀብር አይደርስም። ስልኩን ሶፋው ላይ ወረወርኩት። ማንን ልምታ? ሰማዩን?

እማዬ ስትገባ «አባባን ትንሽ አሟቸዋል» አልኳት።

«ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አለች። ነገርኳት። ጫማዋን አውልቃ ጎን ለጎን ደረደረችና «ስንት አልከኝ?» አለች። ደግሜ ነገርኳት።

በማግስቱ የእድሩ ሰው ይሸኛታል ተባለ። አንድ ሰው ይመጣል ብዬ በር ስከፍት፣ ስድስት መኪና! ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ከዉድበሪ ሳይቀር። የእድሩ እትዬ ዘነቡ ጥቁር ለብሰው፣ ዓይናቸው በርበሬ መስሎ፣ ዳቦ ቆሎ ይዘው ቆመዋል።

«እትዬ፣ ለታመመ ሰው ነው እንዲህ የሚሸኘው? ድንኳን መትከል ብቻ እኮ ነው የቀራችሁ!» አልኳቸው በሹክሹክታ።

«ዝም በል፣ ባለጌ» አሉኝና አፍንጫቸውን ጠረጉ። እስከ ኤርፖርት አራቱንም ፍሬቻ እያብለጨለጩ፣ ተሰልፈው ተከተሉን።

ፍተሻው ጋ ስንደርስ እማዬ ጎትታ አቀፈችኝ።

«ቀብሩ አልቋል፣ አይደል?»

የቦርሳዋን ዚፕ መክፈትና መዝጋት ያዝኩ።

«ሥራዬ በሽተኛ ማገላበጥ ነው፣ ልጄ። ሕመምና ሞት አይምታታብኝም። ደግሞ ዘነቡን አላየሃትም?»

«ታዲያ ለምን አታለቅሺም?»

«ተፈራ ሰው ሰብስቦ እየጠበቀኝ ነው። እዚህ አልቅሼ ከጨረስኩ እዚያ ለአባቴ ምን ይዤ እገባለሁ? እንዳወቅኩ እንዳትነግረው።»

ነጠላዋን አስተካክላ ገባች። አልዞረችም።

እትዬ ዘነቡ ከኋላዬ መጥተው ክንዴን ይዘው ወደ ውጭ አወጡኝ። ለካ ለእኔም አያቴ ነበሩ። ከስድስቱም መኪና የወረደው ሰው ከበበኝ፤ ፓርኪንጉ ውስጥ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅኩ። የተናደድኩበት ሰልፍ ደግፎ ያዘኝ። እሷ ግን ያን ሁሉ ሰዓት፣ ከማታውቀው ሰው ጎን፣ ቀበቶዋን አስራ፣ እንባዋን ይዛ በረረች። ዛሬም አውሮፕላን ሲያልፍ ሳይ የሚታየኝ የእሷ ወንበር ነው።

ናቲ አሁንም ስልኩን ደቅኗል። «ታዲያ ስንት ሰዓት ነው?»

«ሰዓቱን ተወውና ትኬቱን ሁለት አድርገው። አብረሃት ግባ።»

ትክ ብሎ አየኝ። «ማረፋቸውን በምን አወቅክ?»

ሳምቡሳዬን ቆርሼ ግማሹን ሰጠሁት።