ረቡዕ ቀን የቀረበልኝ ጥብስ

ትምህርት ቤት የተቀመጥኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲህ የማውቀውን ሁሉ ያወቅኩት ራሴን አስተምሬ ነው። እንግሊዝኛን ከመኪና ማንዋልና ሽፋኑ ከተገነጠለ አንድ መዝገበ ቃላት ተማርኩ። ሕግን ነጋሪት ጋዜጣ እየገዛሁ አነበብኩ፤ ሕገ መንግሥቱን ዛሬም ከመግቢያው ጀምሮ በቃሌ እወጣዋለሁ። ሾላ ገበያ አጠገብ በነበረችው ጋራዤ፣ ሌላ ቦታ ሦስት ጊዜ ተፈትቶ መፍትሔ ያጣ መኪና በስተመጨረሻ ወደ እኔ ይመጣ ነበር። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ ብኮራስ ማን ይከለክለኛል? የምለው፣ «ሽማግሌው ዓይኑ ደክሞ ነው፣ ጭንቅላቱ ዞሮ ነው» የሚሉኝ ሰዎች ስላሉ ነው። ዓይኔም ጭንቅላቴም ደህና ናቸው።

ፓርቲያችን ትንሽ ነው፤ ስሙን አልጽፍም። ቢሮው ሳሊተ ምሕረት ጀርባ የተከራየነው ቪላ ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ ነኝ። የፕሮግራሙን የውጭ ጉዳይ ምዕራፍ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ባለዲግሪዎቹ ወራት ተከራክረው ግማሽ ገጽ ሲያቅታቸው እኔ በአንድ ሳምንት ጨርሼ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ። በዚያ ምዕራፍ ውስጥ አንድ አንቀጽ ነበር። ከባሕር ማዶ ያለ አንድ ሀብታም መንግሥት መሬታችንን በረጅም ውል ስለሚይዝበት መንገድ በግልጽ የሚናገር አንቀጽ ነው። ፕሮግራሙ በአዲስ ሲታተም ብገልጠው አንቀጹ የለም። ማን አወጣው? ሊቀመንበሩ። በየትኛው ስብሰባ ውሳኔ? መልስ የለም።

በዚያው ሰሞን ቦሌ ያለችውን ልጄን ልጠይቅ ስሄድ የዚያው መንግሥት ኤምባሲ መኪና እዚያው ሰፈር ባለው የሊቀመንበሩ ቤት በር ላይ ቆሞ አየሁ። የትኛው የኤምባሲ ታርጋ የየትኛው አገር እንደሆነ በቃሌ አውቃለሁ፤ ስንቱን ጠግኛለሁ። በሌላ ሳምንት ደግሜ አየሁት። ሦስተኛም አየሁት። ሰውየው ደግሞ ለሕክምና ነው እያለ ወደዚያው አገር ሁለት ጊዜ ሄዶ መጥቷል። በደንባችን መሠረት አንድ አመራር ከውጭ መንግሥት ተወካይ ጋር ሲገናኝ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ያሳወቀው ነገር የለም። ያንንም ደንብ የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ ምን እንደሚል የሚያስረዳኝ አያስፈልገኝም።

ስለዚህ የቁጥጥር ኮሚቴው እንዲመረምረው ጠየቅኩ። አምስት ነን፦ ሰብሳቢያችን የሆነው ጡረተኛ መምህር፣ ሾላ በርበሬና ቅመም የሚያከፋፍል ነጋዴ፣ ለሚ ኩራ ሕንጻ የሚሠራ ኮንትራክተር፣ ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ጠበቃና እኔ።

«ጋሼ» አለኝ ነጋዴው፣ «የኤምባሲ መኪና በር ላይ ቆመ ተብሎ ሰው ይመረመራል? የኔም በር ላይ ቆሞ ያውቃል፤ በርበሬ ሊገዙ።»

«አንተ በርበሬ ትሸጣለህ። እሱ ምን ይሸጣል?»

ኮንትራክተሩ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ፣ «የእርስዎ አንቀጽ ባይሰረዝ ኖሮ መኪናውን ያዩት ነበር?» አለ። ሳቁ። ደሜ ፈላ።

«አንቀጹ የእኔ ነው። ተናድጃለሁም። የተናደደ ሰው ያየው መኪና አልቆመም ማለት ነው?»

ጠበቃዋ ብቻ ከእኔ ጋር ቆመች። «ምርመራ ክስ አይደለም» አለች። «ሰውየው ንጹሕ ከሆነ ንጹሕ ነው ብለን እንጽፍለታለን፤ ለእሱም ይበጀዋል።» ሕግ ሲነገር ደስ ይለኛል፤ ትክክለኛው ሕግ ይሄው ነው፤ እዚያ ላይ ማለቅ ነበረበት። አላለቀም። መምህሩ መነጽሩን አወለቀ። በዕድሜ እኩያዬ ነው፤ አንተ እንባባላለን።

«አንተ ሰውዬ፣ ልጁን በወረቀት ከማዋረዳችን በፊት ለምን ቤቱ ሄደን አንጠይቀውም? በሽምግልና!»

ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። የዚህ አገር ሰው ሽምግልና ሲባል የማይነቀንቀው ራስ የለውም። እኔ ግን ሽምግልና ለተጣላ ባልና ሚስት ነው፣ ይህ የአገር ጉዳይ ነው ብዬ ጮህኩ። አልሰሙኝም። ይባስ ብለው በዕድሜ ታላቁ እርስዎ ነዎትና እርስዎ ይምሩን አሉኝ። አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጥኩ፦ መቼ እንደምንሄድና እነማን እንደምንሄድ ለሊቀመንበሩ እንዳይነገረው። የሚያጠፋው ወረቀት ካለው እንዳያጠፋ፣ ከሌለውም መልሱን አጥንቶ እንዳይጠብቀን። ተስማሙ። ጠበቃዋ በቃለ ጉባኤው ጻፈችው፤ ፈረምን። ቀኑ ረቡዕ፣ ሰዓቱ ዘጠኝ፤ ምሳ ብሉ እንዳይሉን ብዬ ሰዓቱን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ሂያጆቹ መምህሩ፣ ነጋዴውና እኔ ነን።

በሩን የከፈተችልን ሚስቱ ናት። ስታየን አልደነገጠችም። «ግቡ፣ ግቡ፤ አባባ፣ እንዴት ነዎት?» አለችኝ። ጠረጴዛው ተሰናድቷል። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ ተደርድሯል። ይህ አላስደነቀኝም፤ ቤቱ ረቡዕና ዓርብ የሚጾምበት ቤት ነው፣ ጿሚ ደግሞ የሚበላው በዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ያንን ሰዓቱን ስመርጥ አላሰብኩትም። መምህሩና ነጋዴውም ይጾማሉ። ከዚያ ሚስትየዋ ከኩሽና ተመልሳ ከሰሉ ገና ቀይ የሆነ አንድ ሸክላ ጥብስ እኔ ፊት አስቀመጠች።

«ጾም ስለሆነ ጨዉን አልቀመስኩትም፣ አባባ። ካነሰ ይንገሩኝ።»

እኔ ጴንጤ ነኝ፤ ረቡዕን አልጾምም። ይህን ፓርቲው ውስጥ የማያውቅ የለም። ከወለጋ ከመጣሁ ጀምሮ በጾም ቀን የጿሚ ቤት ስገባ የቀረበልኝን ሽሮ እበላለሁ፤ ቅር ብሎኝ አያውቅም፤ ከዚህ ሌላ የጠበቅኩትም ነገር አልነበረም። በጾም ቀን፣ ማንም ሥጋ በማይቀምስበት ቤት፣ ሥጋ ተገዝቶ ተከትፎ ለአንድ ሰው ብቻ ከተጠበሰ፣ ያ ሰው እንደሚመጣ ታውቋል። ይህን ለመረዳት ዲግሪ አያስፈልግም። ሁለቱ ጓደኞቼ ግን ሸክላውን አይተው «እንዴት ያለች ሴት ናት!» ይላሉ።

ሊቀመንበሩ ከውስጥ ወጣ። በዕድሜ ልጄ ስለሚሆን አንተ እለዋለሁ፤ እሱ አባቴ ይለኛል። ሚስቱ የእጅ ውሃ ይዛ ከጎኔ ቆማለች።

«አባቴ፣ በባዶ ሆድ ነገር አይወራም። መጀመሪያ ይታጠቡ።»

እጆቼን ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩ። «መጀመሪያ፣ እንደምመጣ ማን ነገረህ?»

«ኧረ በሥላሴ!» አለ መምህሩ።

«እንግዳ መምጣቱን ማወቅ ወንጀል ሆነ እንዴ?» አለ ሊቀመንበሩ ፈገግ ብሎ። ያ ፈገግታ ነው ያቃጠለኝ። ሦስቱን ጥያቄዎች እዚያው ቆሜ ደረደርኩለት፦ አንቀጹ በማን ውሳኔ ወጣ? የኤምባሲው መኪና በርህ ላይ ምን ይሠራል? እዚያ አገር ማንን አግኝተህ መጣህ? ጎንበስ ብሎ ከጥብሱ በእንጀራ ጠቀለለ፤ እሱ የማይበላውን ሥጋ በእጁ ይዞ ወደ አፌ ዘረጋ።

«ሁሉንም እመልስልዎታለሁ። አንድ ጉርሻ ብቻ ይቀበሉኝ።»

አፌን አልከፈትኩም። እጁ አየር ላይ ቆየ። ዘይቱ በመዳፉ ወርዶ የሸሚዙን እጅጌ ነካ። በመጨረሻ ጉርሻውን ሸክላው ላይ መለሰው፤ ሚስቱም ሸክላውን አንስታ ይዛው ገባች። ስትዞር ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። የሰውየው ነገር አይቆጨኝም፤ የእሷ ግን ዛሬም ይቆጨኛል። መምህሩና ነጋዴው ታጥበው በሉ። እኔ ሶፋ ላይ ቁጭ ብዬ ሲበሉ አየሁ። ከሦስቱ ጥያቄዎች አንዱም አልተመለሰም፤ ስለ ልጆቹ ትምህርት ቤትና በሰፈሩ ስለሚፈርሰው አጥር ተወራ፣ ተመርቆ ተነሳን።

ወደ ሳሊተ ምሕረት የተመለስነው በነጋዴው መኪና ነው። መንገዱ ተቆፍሮ ስለነበር መገናኛ ላይ ብዙ ቆምን። ነጋዴው መሪውን ይዞ በመስታወቱ አላየኝም።

«የደወልከው አንተ ነህ» አልኩት።

«አንድ ስልክ ብቻ ነው፣ ጋሼ። ሰኞ ዕለት።»

«ፈርመህ?»

«ጋሼ፣ ሳይነግሩ ሰው ቤት መሄድ ነውር ነው! ሴትየዋ ባዶ ቤት ብትያዝስ? እነማን እንደምንመጣና ሰዓቱን ብቻ ነው የነገርኩት። ስለምን እንደሆነ ትንፍሽ አላልኩም።»

ጉቦ በልቶ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ጉቦ የበላ ሰው ይከሰሳል። ይሄ ግን ለሴትየዋ አዝኖ ነው። ስለ ነውር አስቦ ነው። አገር የሚያህል ጉዳይ አንዲት ሴት ቤት እንዳይጎድልባት ተብሎ ተሸጠ፤ ሻጩም ከልቡ ጥሩ ሰው ነው። ከመኪናው ወርጄ በእግሬ ሄድኩ። በዚህ ዕድሜዬ ከመገናኛ እስከ ሲኤምሲ መሄድ የሚችል ሽማግሌ ካለ ይምጣና እንወዳደር።

በሚቀጥለው ስብሰባ የመጀመሪያው አጀንዳ የሊቀመንበሩ ግንኙነት ነው ብዬ ጠብቄ ነበር። አጀንዳው ሲነበብ እኔ ነኝ። «የአባሉን ሥነ ምግባር በተመለከተ» ይላል። አራት ገጽ ቃለ ጉባኤ ስለ ጥብስ ተጻፈ! በጾም ቀን እጇን ሥጋ ያስነካች ሴት እንዴት እንደተዋረደች፣ ጉርሻ መግፋት ምን ማለት እንደሆነ፣ ትልቅ ሰው እንዲህ ሲያደርግ ወጣቱ ምን እንደሚማር። ስለ ውጭ መንግሥቱ ሦስት መስመር አለ። ነጋዴው ደወለ ብዬ ስናገር ኮንትራክተሩ፣ «እና ባይደውል ምን ሊበሉ ነበር?» አለኝ። የምሬን ነው፤ እንዲህ አለኝ።

መጨረሻ ላይ መምህሩ ወደ እኔ ዞረ። «ሂድና ሴትየዋን ይቅርታ ጠይቃት። በሰላም ከተመለስክ የምርመራውን ጥያቄህን በሚቀጥለው ስብሰባ ለድምፅ አቀርበዋለሁ። ቃሌ ነው።»

ራሴን ካላስተማርኳቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ይቅርታ መጠየቅ ነው። ሦስት ቀን አሰብኩበት። እሷን በድያታለሁ፤ ያ እውነት ነው። ድምፁም ያስፈልገኛል። ቅዳሜ ሄድኩ። «ልጄ፣ አንቺን አልነበረም፤ ይቅር በይኝ» አልኳት። ጉልበቴን ልትይዝ ጎንበስ አለች፤ አነሳኋት። ጥብስ ሠርታ ነበር። በላሁ። ጨዉ ልክ እንደሆነ ነገርኳት። ሊቀመንበሩ ከጎኔ ተቀምጦ አጎረሰኝ፤ እሷን ላለማስቀየም ተቀበልኩ፤ በዚያች ቅጽበት ልጃቸው በስልክ ፎቶ አነሳችን። ቤቴ ሳልደርስ ፎቶው የፓርቲው ቴሌግራም ላይ ወጥቷል። «አባታችንና ሊቀመንበራችን» ይላል። ሥሩ በሙሉ ልብና የተጣመሩ እጆች ነው።

መምህሩ ቃሉን ጠበቀ፤ ጥያቄውን ለድምፅ አቀረበው። ግን ሊቀመንበሩንም ጋብዞት ኖሯል። ገና ሳንጀምር ሰውየው ተነሳ።

«አባቴ ልባቸው ካላረፈ እኔ ልመርመር» አለ። «ለእሳቸው ስል በደስታ እመረመራለሁ።»

«አይሆንም!» ብሎ ነጋዴው ከወንበሩ ዘለለ። «ኧረ ተው! ኧረ በማርያም!» አለ ኮንትራክተሩ። ሊቀመንበሩን ትከሻውን ይዘው አስቀመጡት።

«ይጻፍ!» አልኩ ጠረጴዛውን መትቼ። «ራሱ እሺ ብሏል! ጻፊው!»

ጠበቃዋ እስክሪብቶዋን ይዛ መምህሩን አየችው። መምህሩ እኔን አየኝ፤ በቁጣ አይደለም፣ በኀዘን ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ ከእጁ በላህ እኮ። ሁላችንም አይተናል። ከታረቅክ በኋላ ምን ምርመራ አለ?»

«እኔ ከሚስቱ ጋር ነው የታረቅኩት። የታረቅኩት ስለ ጥብሱ ነው።»

«ምርመራ ይካሄድ የምትሉ» አለ መምህሩ።

እጄን አወጣሁ። ወደ ጠበቃዋ ዞርኩ። አንገቷን ደፍታ ትጽፋለች፤ ቀኝ እጇ ወረቀቱ ላይ ነው፣ ግራ እጇ ጭኗ ላይ። ቀና ብላ ብታየኝ ምን እላት እንደነበር አላውቅም፤ አላየችኝም። በአንድ ድምፅ ድጋፍና በሦስት ተቃውሞ፣ አንድ ሰው ድምፅ ሳይሰጥ፣ ጉዳዩ «በሽምግልና በእርቅ ተፈቷል» ተብሎ ተዘጋ።

ሰውየው የውጭ መንግሥት ሰው ነው ብዬ አልጽፍም፤ አላውቅም። ምናልባት መኪናው የመጣው ለጎረቤቱ ይሆናል። ምናልባት በእውነት ታሞ ይሆናል። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፦ ማወቅ ይቻል ነበር። ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ደብዳቤ፣ አንድ ቀጥተኛ ጥያቄ ይበቃ ነበር። እነሱ ስለ ነውር ሲሉ፣ እኔ ደግሞ በአንድ ድምፅ ተስፋ ከሰውየው እጅ ጎርሼ፣ አብረን ዘጋነው።

ቃለ ጉባኤው ዞሮ እኔ ዘንድ ደረሰ። አልፈርምም ብዬ እንድነሳ ጠብቀው ነበር፤ ኮንትራክተሩ ወደ በሩ እንዳልፍ ወንበሩን ሁሉ ስቦልኝ ነበር። ተቀምጬ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አነበብኩት፤ እስክጨርስ ጠበቁኝ። ስብሰባው ላይ ነበርኩና ፈረምኩ። ከፊርማዬ ሥር ባለው ባዶ ቦታ ላይ፣ ማንም እንዳይሳሳተው ፊደሉን አጉልቼ፣ «አልተመረመረም» ብዬ ጻፍኩና ወረቀቱን ለሊቀመንበሩ አቀበልኩት።